ዶክተሩ ወጥቷል

ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ይላታል እንጂ ነርስ አይደለችም። አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ አስራ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ቀጠሮ መያዝ፣ ካርድ ማውጣት፣ ዶክተሩ የሚሠራባቸውን ዕቃዎች አጥቦ መቀቀል፣ ጥርስ ሲነቀል ደግሞ ከጎን ቆሞ መብራቱን ማስተካከል ነው። ነጭ ጋወን ስለምትለብስ መጀመሪያ አንድ በሽተኛ ሲስተር አላት፤ እሷም አላረመችውም። ቀጥሎ ዳቦ ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ የታክሲ ተራ አስከባሪው ሳይቀር ሲስተር አላት። ጥርሱን ያመመው የሰፈር ሰው ክሊኒኩ ከተዘጋ በሯን ያንኳኳል። «በሞቀ ውሃና በጨው ተጉመጥመጥ፣ ፓራሲታሞል ውሰድ፣ ጠዋት ና» ትለዋለች። አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ይበቃ ነበር።

ታላቅ ወንድሟ አናጢ ነው። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ እሷ ዘጠኝ ዓመቷ፣ እሱ ሃያ ነበር። ትምህርት ቤት ያስገባት፣ ደብተሯን የሸፈነላት፣ ጸጉሯን እየጎተተ ያበጠረላት እሱ ነው። እስከ ዛሬ «ጋሼ» እንጂ በስሙ ጠርታው አታውቅም። የቁም ሳጥን በር ብቻውን ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ የሚወጣ ግዙፍ ሰው ነው። የጥርስ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ አስይዛው፣ ሁለቴም ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ተነስቶ ሄዷል። በሁለተኛውማ ሰው በሞላበት ማረፊያ ክፍል መሐል ቆሞ፣ «ይሄማ ጉጠት ነው! ጉጠት ከሆነ እኔም ሱቄ ውስጥ አለኝ!» ብሎ ጮኾ ነው የወጣው። ሰዉ ሳቀ። ዶክተሩም ሳቀ፤ ለሳምንት ያህል «ያ ወንድምሽ ደህና ነው? መሣሪያ ቢያውሰን ምናለ» እያለ ቀለደባት። እሷ አልሳቀችም። አፍራለች።

ነገሩ የጀመረው አንድ ዓርብ ነው። በማግስቱ ዶክተሩ የእህቱን ልጅ ለመዳር ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ ሰኞም በዓል ስለነበረ ክሊኒኩ የሚከፈተው ማክሰኞ ነው። ይህን ያወቀ በሽተኛ ሁሉ ያን ቀን ጎርፎ መጣ። ከጠዋት ጀምራ ስላልተቀመጠች አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እግሯ እንደ ሊጥ አብጦ ነበር። የመጨረሻው በሽተኛ ወጣ። መጋረጃውን ዘጋች፣ ጋወኗን አወለቀች። ልክ የበሩን መብራት ልታጠፋ ስትል ወንድሟ ገባ።

ቀኝ ጉንጩ አበጥ ብሏል። መሐረብ ጠቅልሎ ጫን አድርጎ ይዞታል፤ ጸጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ እንዳለ ነው።

«ዛሬ አልሮጥም» አላት ገና በሩ ላይ። «ከረቡዕ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም። ግባ በዪኝና ይገላግለኝ።»

ዶክተሩ ከኋላው ክፍል ነበር። እጁን ሲታጠብ የቧንቧው ውሃ ይሰማል። እሷ ግን ወንድሟ ወንበሩ ላይ ወጥቶ፣ መርፌውን አይቶ፣ ደግሞ እንደዚያን ቀን ሲጮኽ ታያት። ዶክተሩ ኮቱን እንደለበሰ «ደግሞ መጣ?» ሲል ታያት። ያጠበቻቸውን ዕቃዎች መልሳ አውጥታ፣ መልሳ ስትቀቅል ታያት።

«ዶክተሩ ወጥቷል» አለችው።

«ወጥቷል?»

«አሁን ነው የወጣው፣ ጋሼ። ማክሰኞ ጠዋት አንደኛ አደርግሃለሁ። እስከዚያ በጨው ውሃ ተጉመጥመጥበት፣ ፓራሲታሞል ውሰድ። ከውጭ ትኩስ ነገር አታድርግበት። አረቄም፣ ነጭ ሽንኩርትም፣ ሰው የነገረህን ሁሉ አትጠቅጥቅበት።»

ድፍረቱን አጠራቅሞ የመጣ ሰው ድፍረቱን የሚያስቀምጥበት ሲያጣ እንደሚሆነው ሆነ። «እሺ በቃ» ብሎ ወጣ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ዶክተሩ እጁን በፎጣ እያደረቀ ከኋላ መጣ፤ «መልካም በዓል» ተባባሉና እሷ ዘጋች። ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቷ «ሲስተር! ሲስተር ድረሺልኝ!» እያለች በሩን ደበደበች። የአስር ዓመት ልጇ ደረጃ ላይ ወድቃ የፊት ጥርሷ ከነሥሩ ወልቋል። የልጅቷ አገጭ ደም በደም ሆኗል። እናቲቱ የወለቀውን ጥርስ በቀሚሷ ጫፍ እየፈተገች ትጠርገዋለች።

«ተዪው! አትጥረጊው!» አለቻት። «ሥሩን አትንኪ። ነጭ ነጩን ይዘሽ ስጪኝ።»

ስኒ ውስጥ ቀዝቃዛ ወተት አድርጋ ጥርሱን ከተተችው። ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ልጅቷን ነከስ አድርጊ አለቻት። ከዚያ ለእናቲቱ፣ «አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጃት» አለች። «ክሊኒክ ተዘግቷል ብለሽ እንዳትቀመጪ፣ ቅዳሜም እሑድም እዚያ ተረኛ የጥርስ ሐኪም አለ። ይሄ በደቂቃ የሚቆጠር ነገር ነው። ስኒውን እንዳትደፊው!»

ከሰዓት በኋላ እናቲቱ ልጇን አስከትላ መጣች። ጥርሱ ቦታው ተመልሶ በቀጭን ሽቦ ታስሯል። «እጅሽ ይባረክ፣ ሲስተር! አንቺ ባትኖሪ ልጄ ወላቃ ሆና ትቀር ነበር» አለች። ልጅቷ ከንፈሯ አብጦ መሳቅ አቅቷት በዓይኗ ብቻ ሳቀች።

ከሄዱ በኋላ ደስታዋ ብዙ አልቆየም። «ቅዳሜም እሑድም ተረኛ ሐኪም አለ» ያለችው በገዛ አፏ ነው። ዓርብ ለወንድሟ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለምን አልነገረችውም? ስልኳን አንስታ ደወለች። ሚስቱ አነሳች።

«ሕመሙ ዛሬ ተወት አድርጎታል» አለቻት። «እብጠቱ ግን ጨመር ብሏል። ሾርባ ትንሽ ቀምሷል፤ መዋጥ ያስቸግረኛል ይላል።»

«ተወት ካደረገውማ ጥሩ ነው፣ እትዬ» አለችና ዘጋች።

ስልኩን እንዳስቀመጠች ዶክተሩ ለበሽተኞች ደጋግሞ የሚናገረው ነገር ትዝ አላት፤ ሕመሙ ቀንሶ እብጠቱ ከጨመረ ደስ አይበላችሁ ይላል። መልሳ ልትደውል አነሳችው። ቁጥሩን ሳትጨርስ ተወችው። አሁን ሆስፒታል ሂድ ብትለው፣ ታዲያ ዓርብ ለምን አላልሽኝም ይላታል። ያኔ ምን ትመልሳለች? «ነገ በጠዋት ሄጄ በዓይኔ አየዋለሁ» አለች ለራሷ። በኋላ፣ ነገሩ ካለፈ ከብዙ ጊዜም በኋላ፣ ከዓርቡ ውሸት ይልቅ ያልደወለችው ያ ስልክ ነበር የሚያንገበግባት። ዓርብ ደክሟት ነበር። ቅዳሜ ግን አልደከማትም ነበር።

እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የወንድሟ ሚስት ደወለች።

«ነይልን» አለች። «ድምፁ ተቀይሯል። ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ቁጭ እንዳለ ነው ያነጋው።»

ቤታቸው በእግር አስራ አምስት ደቂቃ ያስኬዳል፤ ጫማዋን በትክክል ሳትጫማ በስምንት ደቂቃ ደረሰች። ወንድሟ ሳሎን ውስጥ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ አንገቱን ወደ ፊት አስግጓል። ደረቱ ላይ ፎጣ ተነጥፏል፤ ምራቁን መዋጥ ስላልቻለ ዝም ብሎ ይወርድበታል። እብጠቱ የጉንጭ መሆኑ ቀርቷል። ከአገጩ ሥር ከቀኝ ወደ ግራ ዞሮ አንገቱን ሞልቶታል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ እስቲ አፍህን ክፈትልኝ።»

የአንድ ጣት ስፋት ያህል ከፈተ። ምላሱ ከሥር ተገፍቶ ላንቃው ሊደርስ ምንም አልቀረው። ከአገጩ በታች በጣቷ ጫን አለችው። ለስለስ ማለት ሲገባው እንደ ጣውላ ደርቋል።

የሚስቱ ወንድም የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ማምሻውን መጥቶ እዚያው አድሯል። ነገር በቶሎ እንዲያልቅ የሚወድ ሰው ነው። «መግል ነው» አለ እጁን እያወናጨፈ። «መግል መውጫ ነው የሚፈልገው፣ ሌላ ምን አለው! ቁልፉ አንቺ ጋ አይደል እንዴ? ክፈቺና በጣ አድርጊለት። አስራ ስድስት ዓመት ሲደረግ ስታዪ ኖረሻል።»

«እስቲ ዝም በል አንተ» አለች ሚስቱ፤ ዓይኗን ግን ከሲስተር ላይ አላነሳችም። እሷም ይህንኑ ተስፋ አድርጋ ነው የጠራቻት።

ወንድሟ እጇን ያዛት። ሲናገር አፉን ጨርቅ የጠቀጠቁበት ሰው ይመስላል። «አንቺ… አድርጊው» አለ። «ሌላ ሰው… አይንካኝ።»

ቁልፉ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ምላጩ ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ፣ ማደንዘዣው ከማቀዝቀዣው በር በኩል። ዶክተሩ ድድ ሲበጣ ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ፣ ምላጩን በምን በኩል እንደሚያዘነብል መቶ ጊዜ አይታለች። ለአንዲት አፍታ እችላለሁ ብላ አመነች። እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደች፤ ያወጣችው ግን ስልኩን ነበር።

ዶክተሩ በሁለተኛው ጥሪ አነሳ። ከጀርባው ሰው ይንጫጫል፣ አንድ ሰው ማይክሮፎን ይሞክራል።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወንድሜ ነው፣ የታችኛው መንጋጋው…»

«ከአገጩ ሥር ጠንካራ ነው ለስላሳ?»

«ጠንካራ። በሁለቱም በኩል።»

«ምላሱስ?»

«ወደ ላይ ተነስቷል።»

«ምራቁን ይውጣል?»

«አይውጥም።»

ጫጫታው ቀነሰ፤ ወደ ውጭ ወጥቶ ይሆናል። «አሁኑኑ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል» አላት። «በጀርባው እንዳታስተኙት፤ በሚመቸው ይቀመጥ። በአፉ ምንም እንዳትሰጡት፣ ውሃም ቢሆን። እዚያ ስትደርሺ ጥርስ ነው ብለሽ አትጀምሪ። ትንፋሽ ያጥረዋል በያቸው። ክሊኒኩን ለመክፈት አስበሽ እንደሆነ ደግሞ እንዳታደርጊው። ይሄን እኔም ብኖር አልነካውም።»

ስልኩን ዘግታ ስትነግራቸው ወንድሟ ራሱን ነቀነቀ። አባታቸው በእግሩ ሆስፒታል ገብቶ በጨርቅ ተሸፍኖ ነው የወጣው፤ ሬሳውን ፈርሞ የተረከበው እሱ ነው። «አልሄድም» አለ። «አንቺ ታውቂያለሽ።»

እግሩ ሥር ተንበረከከች።

«ጋሼ፣ ስማኝ። እኔ ሲስተር አይደለሁም። አንተ ያስተማርከኝ እስከ አስረኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት የቀጠሮ ደብተር ብቻ ነው። ሰው ሲስተር ሲለኝ ደስ ስለሚለኝ ዝም ብዬ ኖርኩ። ዕቃ አጣቢ ነኝ። ምላጭ ባሳርፍብህ ደሙ መተንፈሻህ ውስጥ ይገባል፤ እኔ ደግሞ ማቆሙን አላውቅበትም። እገድልሃለሁ። በገዛ እጄ እገድልሃለሁ፣ ገባህ?»

ወንድሟ የወንበሩን ክንድ ተደግፎ ተነሳና ወደ በሩ ሄደ።

የነበራቸው መኪና የሾፌሩ የጭነት መኪና ነው። ጋቢናው ውስጥ ተጠጋግተው ገቡ። ወንድሟ መሐል ሆኖ ወደ ፊት አዘነበለ፤ እሷ መኪናው ሲንገጫገጭ ግንባሩን በመዳፏ ደግፋ ያዘች። እሑድ ስለሆነ መንገዱ ጭር ብሎ ነበር። በየሱቁ በር ላይ መዝጊያው ወርዷል። ሚስቱ ከዳር ሆና ትቆጥራለች፤ ምን እንደምትቆጥር ኋላ ነው የገባት። የባሏን ትንፋሽ ነበር።

ድንገተኛ ክፍል መስኮቱ ላይ ያለው መዝጋቢ ቀና ሳይል፣ «ጥርስ ከሆነ በኮሪደሩ መጨረሻ ነው፤ ካርድ አውጡና ተራ ጠብቁ» አለ።

«ጥርስ አይደለም!» አለችው። ድምፅዋን ራሷ አላወቀችውም። «መተንፈስ አልቻለም! ምላሱ ጉሮሮውን እየዘጋው ነው! ቀና በልና እየው!»

ቀና ብሎ አየው፤ እስክሪብቶውን ጥሎ ተነሳ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ሩጫ ሆነ። አንዲት ወጣት ሐኪም መጣች፣ አንገቱን ዳሰሰች፣ አፉን በባትሪ አየች። «አታስተኙት! እንደተቀመጠ!» እያለች በተሽከርካሪ ወንበር ራሷ እየገፋች ወሰደችው። አንዱን በር ሲያልፉ ወንድሟ ዞር ለማለት ሞከረ፤ አንገቱ ግን አልዞር አለው።

ሐኪሟ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ፈጠን ፈጠን እያለች ተመለሰች። መተንፈሻ እንዲሆነው አንገቱ ላይ ቀዳዳ ከፍተው ቱቦ እንደሚያስገቡ፣ ከዚያ ከአገጩ ሥር ቀድደው መግሉን እንደሚያወጡ ነገረቻቸው። ሚስቱ ፈረመች። ሐኪሟ ካርዱ ላይ እየጻፈች ጠየቀች።

«መቼ ነው የጀመረው?»

«ረቡዕ» አለች ሚስቱ።

«ሐኪም አይቶት ነበር?»

«ዓርብ ሄዶ ነበር። ክሊኒኩ ድረስ ሄዶ ሐኪሙ ወጥቷል ተባለ።»

ሐኪሟ ጻፈችው። ሲስተር ከጎን ቆማ ነበርና አየችው፤ «ዓርብ የጥርስ ሐኪም ፈልጎ አላገኘም» ይላል። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ የተጣደፈ ጽሑፍ ነው። ሐኪሟ ሄደች።

ኮሪደሩ ውስጥ ሦስት ሰዓት ጠበቁ። ሾፌሩ መኪናውን ላስተካክል ብሎ ወጥቶ ቀረ፤ ሲያለቅስ እንዳይታይ ነው። ሁለቱ ሴቶች አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የወንድሟ ሚስት እንዲህ አለች፦ «ያ ዶክተር ደግሞ፣ ምን ነበረበት ግማሽ ሰዓት ቢቆይ! ሰውዬው እንደምንም ጨክኖ ሄዶ ነበር። ቤት ሲመለስ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ሰው ሲጨክን ደግሞ ሐኪም ይጠፋል› ብሎ ሳቀ።»

«እትዬ» አለች። «ዶክተሩ አልወጣም ነበር።»

«ምን?»

«ውስጥ ነበር። እጁን ይታጠብ ነበር። ወጥቷል ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሚስቱ ቃሉን ገና እየፈታች እንዳለች ሁሉ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። «ለምን?»

ምክንያቱን ፈለገችው። ብዙ የነበረ ይመስላት ነበር፤ ስታወጣው ግን አንድ እፍኝ አልሞላም። «ደክሞኝ ነበር» አለች። «ደግሞም እንደዚያን ቀን እንዳያዋርደኝ ብዬ…»

«ደክሞሽ» አለች ሚስቱ። ድምፅዋን አላነሳችም። ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳችና ማዶ ያለው ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ኮሪደሩ ጠባብ ነበር፤ ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው። ግን ከዚያ በኋላ አልተያዩም። ሐኪሟ ወጥታ «ተርፏል» ስትል እንኳ ሁለቱም ያለቀሱት ለየብቻቸው ነው። ለመሄድ ሲነሱ ሚስቱ ዞር ሳትል፣ «እኔ አልነግረውም። የምትነግሪው አንቺ ነሽ» አለቻት።

ማክሰኞ ክሊኒኩ ተከፈተ። ዶክተሩ የወንድሟን ነገር ጠየቃት፤ ነገረችው። ከዚያ በሩን ዘግታ የቀረውንም ነገረችው፣ ዓርብ ያለችውን፣ ቅዳሜ ያልደወለችውን። ከሥራ ያባርረኛል ብላ ጋወኗን ሳትለብስ ነበር የቆመችው።

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀና በጋወኑ ጫፍ መጥረግ ጀመረ።

«ድምፁን ሰምቼው ነበር» አላት።

«የማንን?»

«የወንድምሽን። የእሱ ድምፅ ደግሞ ግድግዳ ያልፋል። ከረቡዕ ጀምሮ አልተኛሁም ሲል ሰማሁ። አንቺ ወጥቷል ስትዪ ውሃውን አልዘጋሁትም። ከነበረው ይበልጥ ከፈት አደረግኩት።» መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ስለዚህ እኔ አንቺን የምቆጣበት አፍ የለኝም።»

ይህ የሚያቀልላት መስሏት ነበር። አላቀለላትም። ሁለት ሰው የተካፈለው ጥፋት ግማሽ ግማሽ አይደርስም፤ ለእያንዳንዱ ሙሉ ሙሉውን ይደርሳል። ያን ቀን ሲሠሩ ከሥራ ቃል በቀር አልተነጋገሩም። ማታ ግን ዶክተሩ በሌላ ሰፈር ክሊኒክ ላለው የትምህርት ቤት ጓደኛው ደወለ፤ አንዱ ሲዘጋ አንዱ ሊከፍት ተስማሙ። እሷ ወረቀት አምጥታ በትልልቁ ጻፈች፦ ሲዘጋ የት እንደሚደወል፤ የወለቀ ጥርስ ወተት ውስጥ ተከቶ ወዲያው እንዲወሰድ፤ እብጠቱ ወደ አገጭ ሥር ወይም ወደ ዓይን የሄደበት፣ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ያቃተው፣ ትኩሳት ያለው ሰው ቀጠሮ ሳይጠብቅ ሆስፒታል እንዲሄድ። በበሩ መስታወት ላይ ለጠፈችው። አንድ ሽማግሌ በሽተኛ ቆሞ ካነበበ በኋላ፣ «ይሄ እስከ ዛሬ የት ነበር?» አላት።

ወንድሟ ነቅቶ መቀመጥ የጀመረው በአራተኛው ቀን ነው። አንገቱ ላይ ቱቦ ስላለ መናገር አይችልም። ሚስቱ ደብተርና እርሳስ ሰጥታዋለች። ሲስተር ስትገባ ፊቱ ፈካ አለ። ደብተሩን ስቦ፣ «ኪሎ ቀነስኩ። ሆስፒታሉ ግን አልጋ መሥራት አይችልም፤ ይንቋቋል» ብሎ ጻፈላት። ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረ። ሚስቱ ተነስታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

ነገረችው። ዓርብንም፣ ቅዳሜንም። ሳታሳጥር፣ ደክሞኝ ነበር የሚለውን ሳታስቀድም።

በቱቦው የሚገባና የሚወጣው ትንፋሽ ያፏጫል። እርሳሱን አንስቶ አንድ ቃል ጻፈና ደብተሩን ወደ እሷ አዞረው።

«ሂጂ።»

ሄደች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ አልጠራትም። ቱቦው ወጣለት፣ የተበላሸው መንጋጋ ጥርሱ እዚያው ተነቀለ፣ ወደ ቤቱ ገባ፤ ይህን ሁሉ የሰማችው ከሾፌሩ ነው። እሷ በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ ሾርባ ሠርታ በዕቃ አድርጋ በራቸው ላይ ለሚስቱ ትሰጣለች። ሚስቱ ትቀበላታለች፤ ግቢ አትላትም። ዕቃው በማግስቱ ታጥቦ ይጠብቃታል። ከክሊኒኩ ውጭ ደግሞ «ሲስተር» ያላትን ሁሉ ማረም ጀመረች። «እኔ ዕቃ አጣቢ ነኝ» ስትለው ዳቦ ሻጩ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ በሚቀጥለው ቀን ያው ሲስተር አላት።

በአስራ ስድስተኛው ቀን ሾርባውን ይዛ ስትደርስ በሩን የከፈተው ራሱ ነው። ከስቷል። ከአገጩ ሥር ገና ያልደረቀ ቁስል አለ፤ አንገቱ ላይ ፋሻ ተለጥፏል።

«ግቢ» አላት። ድምፁ ቀጭንና ሻካራ ሆኗል፤ የዱሮው ድምፅ ሩቡ አይሆንም።

ገብታ ቆመች። ተቀመጪ አላላትም፤ እሱም አልተቀመጠም።

«ብዙ አሰብኩ» አለ። ቶሎ ስለሚደክመው እያረፈ ነው የሚናገረው። «ያን ቀን ግባ ብትዪኝ ኖሮ እገባ ነበር ወይስ እሮጥ ነበር? አላውቅም። ምናልባት እሮጥ ነበር። ግን ያ የእኔ ነበር። የእኔን ሩጫ ነው የወሰድሽብኝ።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ተናድጃለሁ። አሁንም እንደተናደድኩ ነው። እዚያ ክሊኒክ ደግሞ፣ ያ ዶክተርሽ ጋ፣ ዳግመኛ አልረግጥም።»

«እሺ።»

አረፍ አለ። በግራ ጣቱ ጉንጩን ነካ አደረገ፤ በሌላው በኩል፣ በጤነኛው።

«በዚህ በኩልም አንድ አለ» አላት። «የተበላ ነው። ያቺ የሆስፒታሉ ወጣት ሐኪም አሳየችኝ፤ ሳይብስ ይታይ ብላለች።» ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። «እሷ የምታውቀው ሐኪም ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያው ጥርስ ክፍል አለ። ቀጠሮ ያዢልኝ።»

«ለመቼ?»

«ለቶሎ። ሐሳቤን ሳልቀይር።»

«ነገ ጠዋት እሄዳለሁ» አለች።

«አንቺም ትመጫለሽ» አለ። «ውስጥ ድረስ። መርፌውን ሳይ ብነሳ ትከሻዬን ትይዣለሽ።» ከዚያ የሾርባውን ዕቃ ከእጇ ተቀበለና ወደ ጓዳ ዞሮ፣ በዚያ በሻከረ ድምፁ ሚስቱን ሁለት ሳህን አምጪ አላት። ሚስቱ ጥቂት ቆይታ መጣች። ሦስት ሳህን ይዛ ነበር።